ጅራፍና የጎልፍ ዱላ፦ ኳሱን የሚያርቀው ምንድን ነው?

[ምስል፦ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኹ ልጆች]

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» እንላለን። ለምን እንደሚጮኽ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚያልፍ ነው። የማንም ክንድ እንዲህ አይፈጥንም። ልጁ እጀታውን ወርውሮ ድንገት ገታ ያደርገዋል፤ እጁ ሲገታ ጉልበቱ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይሄዳል፤ ጫፉም ቀላል ስለሆነ ይከንፋል። የአሥር ዓመት ልጅ ጉልበተኛ ታላቅ ወንድሙን አስንቆ የሚያጮኸው ለዚህ ነው።

የጎልፍ ምትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

[ምስል፦ ጎልፈኛ ከጎን፣ በቀስታ]

አሜሪካዊው ብራይሰን ዲሻምቦ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠና ጎልፈኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ ክብደት እያነሳ፣ በደንብም እየበላ፣ ወደ 18 ኪሎ ገደማ ጨመረ። በ2018/19 የውድድር ዘመን የመክፈቻ ምቱ በአማካይ 302.5 ያርድ ይሄድ ነበር፤ በቀጣዩ ዘመን 322.1 ደረሰ። በእኛ መለኪያ ከ277 ሜትር ወደ 295 ገደማ ማለት ነው። አሥራ ስምንት ኪሎ፣ አሥራ ስምንት ሜትር! ኪሎው በሜትር የተመነዘረ ይመስላል። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ፣ እንዲያ ቢሆንማ ዋንጫውን ሁሉ ክብደት አንሺዎች በወሰዱት ነበር።

ታዲያ ጂም ምን ጠቀመው? ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሱ ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበት ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ጡንቻ ያለውን ኃይል አሟጦ ለማውጣት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ኪሎ ታነሳለህ?» ሳይሆን «ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን በሩብ ሰከንድ ታወጣለህ?» ነው። አሰልጣኞች ከስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብድግ ማለት) እና ከዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ጎን ለጎን ዝላይና ከባድ ኳስ ውርወራ የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ሥራውም በአብዛኛው የእግርና የዳሌ እንጂ የክንድ አይደለም። ረጅም መቺዎችን ቀስ ባለ ምስል ተመልከቱ፤ የፊት እግራቸው መሬቱን ከመግፋቱ የተነሳ አንዳንዴ ተረከዛቸው ብድግ ይላል።

በነገራችን ላይ፣ ብረት ማንሳት ጎልፈኛን ያደርቃል የሚባልበት ዘመን ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር ያን ጊዜ ብረቱን ከማንሳት አልቦዘነም፤ በ1965 የአሜሪካን ኦፕን ሲያሸንፍ አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ነበር።

[ምስል፦ የዳሌ፣ የደረት፣ የክንድና የዱላ ፍጥነት በአራት ቀለም]

አሁን ወደ ጅራፉ እንመለስ። በጥሩ ምት መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። እያንዳንዱ ፍጥነቱ ጣሪያ ሲነካ ይቀዘቅዝና ጉልበቱን ለቀጣዩ ያስረክባል። ጀማሪ ግን ኳሱን ሲያይ ይጓጓል፤ ዳሌው ሳይነቃነቅ በትከሻው ይጀምራል። እጀታውን ሳይገታ ጅራፍ ለማጮኽ እንደሚታገል ልጅ ነው፤ ላቡ ይፈስሳል፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ጂም ቢመላለስ የተሳሳተውን ምት በበለጠ ጉልበት ይመታዋል።

ሌላው የስልት ጉዳይ ኳሱን በዱላው ፊት መሐል መምታት ነው። የታላላቅ ባለሙያዎች ዱላ ኳሱ ጋ ሲደርስ ጫፉ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በመሐል ከተመታ ኳሱ የዱላውን ፍጥነት አንድ ተኩል እጥፍ ይዞ ይወጣል፤ 270 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሁለቱ የሚነካኩት ሰከንድ ለሁለት ሺህ ቢከፈል ከአንዱ እጅ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ከመሐል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሳቱ በወራት ሥልጠና ያገኙት ፍጥነት እዚያው ይቀራል።

[ምስል፦ የድሮ የእንጨት ዱላና የዛሬ ዱላ ጎን ለጎን]

መሣሪያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የድሮው የረጅም ምት ዱላ ጭንቅላቱ እውነተኛ እንጨት ነበር፤ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ስህተትም አይችልም። የዛሬው ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊቱ ብዙ ጊዜ ቀጭን ቲታኒየም ነው። ሕጉ እስከ 460 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይፈቅድለታል፤ ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ያህላል በሉት። ክብደቱ ወደ ዳርና ዳር ስለተበተነ፣ ከመሐል ውጭ ሲመቱበት እንደ እንጨቱ አይጠማዘዝም። ጉልበት አይሰጥም፤ ስህተትን ይሸፍናል።

ዲሻምቦ በ2020 የያዘው ዱላ ፊቱ ወደ ኋላ ያዘነበለው 5.5 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከ9 እስከ 10.5 ነው። እንደ እሱ ፈጥኖ ለሚመታ ሰው ዝቅተኛው ማዕዘን ኳሱ ያለልክ እንዳይሾር ያደርግለታል። እኔና እናንተ ብንይዘው ኳሱ ሳይነሳ ሣሩ ላይ ይንከባለላል። የኮከቡን ዱላ ለመግዛት የሚቸኩል ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

[ምስል፦ ረጅም ሣር ውስጥ የተቀበረ ኳስ]

በዚያው ዓመት መስከረም፣ በዊንግድ ፉት ሜዳ፣ ዲሻምቦ የአሜሪካን ኦፕን በ6 ምት ልዩነት አሸነፈ። በአራቱ ቀናት ኳሱን ሣሩ አጥሮ በታጨደው መንገድ (ፌርዌይ) ላይ ያሳረፈው ከ56 ጊዜ 23ቱን ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ስቷል! ግን ርቆ ስለሚስት ሁለተኛው ምት ያጥርለታል፤ ወፍራሙን ሣር ሰንጥቆ ለማውጣትም ጉልበቱ አለው። የጡንቻው ዋጋ ለእኔ ከ18ቱ ሜትር ይልቅ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታየኛል። በ2022 የግራ እጁ አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያም ክብደቱን ቀነሰ።

[ምስል፦ ዱላውን ገልብጦ የያዘ ሰው]

ለመሞከር ከፈለጋችሁ ኳስ አያስፈልግም። ዱላውን ገልብጡና በጭንቅላቱ በኩል ይዛችሁ አየሩን ምቱ። «ሽው» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል? ቀኝ እጅ ከሆናችሁና ድምፁ ቀኝ ትከሻችሁ አጠገብ ከተሰማ፣ ፍጥነቱን ገና ሳትደርሱ ጨርሳችሁታል። ኳሱ ከሚቀመጥበት ቦታ አለፍ ብሎ እስኪሰማ ድረስ ከዳሌ እየጀመራችሁ ደጋግሙት።