ከፎርሙላው በፊት
ሐዋሳ ለተሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

የሪሌሽን (የዝምድና) እና የፈንክሽንን ምዕራፍ የጨረሰ ተማሪ አስቁማችሁ «ፈንክሽን ምንድን ነው?» ብትሉት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «ዋይ እኩል ይሆናል...» ብሎ ይጀምራል። የሚነግራችሁ ፎርሙላ ነው። ትርጉሙን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጥ ዝምድና መሆኑን፣ በቃሉ የሸመደደውም ቢሆን፣ ፎርሙላ የሌለው ሠንጠረዥ ስታቀርቡለት ግራ ይገባዋል። ዛሬ የምንለው ይህንኑ ነው፦ ፎርሙላው ቆየት ብሎ ይምጣ፣ መጀመሪያ ዝምድናው ይታይ።

በልጆቹ መፍረድ አይገባም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒትዝ ፈንክሽን የሚለውን ቃል ሥራ ላይ ያዋለው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1673 ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1748 ባሳተመው ሥራው ፈንክሽን ማለት ፎርሙላ ነበር። ለእያንዳንዱ ኤክስ (ግብዓት) አንድ ዋይ (ውጤት) ብቻ ይኑር እንጂ ደንቡ የግድ በፎርሙላ አይጻፍ የሚለው ሐሳብ ጠርቶ የወጣው በ1837 በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በዲሪክሌ ነው። ታላላቆቹን 164 ዓመት ያስኬደውን መንገድ እኛ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፈዋለን።

እንግዲህ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ እንጀምር። ሚዛን ላይ የወጡ አምስት ዓሣዎችን ሰሌዳው ላይ መዝግቡ። 1ኛው ቆሮሶ፣ 400 ግራም። 2ኛው ቆሮሶ፣ 350። 3ኛው አምባዛ፣ 900። 4ኛው አምባዛ፣ 1,200። 5ኛው ቢልጫ፣ 400። ክብደቶቹ ለትምህርቱ የተመረጡ ናቸው፤ 400 ሁለት ጊዜ የመጣው ሆን ተብሎ ነው። አሁን ከዚህ ከአንድ ሠንጠረዥ አራት ዝምድና በቀስት ይሳል። ከተራ ቁጥር ወደ ክብደት፦ ፈንክሽን ነው። ከተራ ቁጥር ወደ ዓይነት፦ ፈንክሽን ነው። ከዓይነት ወደ ክብደት፦ አይደለም፤ ከቆሮሶ ሁለት ቀስት ይወጣል። ከክብደት ወደ ተራ ቁጥር፦ ይህም አይደለም፤ 400 ወደ 1ም ወደ 5ም ይሄዳል። መረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ተማሪው ይህን ካየ ኢንቨርስ (ተገላቢጦሽ) የሚባለው ነገር ግማሹ ገብቶታል፤ ቃሉን ገና ባይሰማውም።

እዚህ ላይ በየክፍሉ የሚደጋገም ስህተት አለ። ተማሪው 1ኛውና 5ኛው ዓሣ እኩል 400 ግራም ስለመዘኑ ከተራ ቁጥር ወደ ክብደት ያለውን ዝምድና «ፈንክሽን አይደለም» ይላል። «አንድ ብቻ» የሚለው ቃል የትኛው ወገን ላይ እንደሚሠራ ተምታቶበታል። በአማርኛ ብትነግሩት ይሻላል፦ ሁለት ልጆች አንድ እናት ቢኖራቸው ምን ችግር አለው? አንድ ልጅ ግን ሁለት ወላጅ እናት የለውም። ከልጅ ወደ እናት ፈንክሽን ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ አይደለም። ቨርቲካል ላይን ቴስት የሚባለውም ይህንኑ በግራፍ መጠየቅ ነው። የቆመ መስመር ግራፉን ሁለት ቦታ ከነካ አንዱ ልጅ ሁለት እናት አገኘ ማለት ነው። የተጋደመው መስመር ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ አንድ እናት ያላቸው ሁለት ልጆች አሉ ወይ? ሁለቱን በአንድ ቀን አታስተምሩ።

ብዙዎቻችን ፈንክሽንን በወፍጮ እንመስላለን። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነው፦ ጤፍ ሲገባ የጤፍ ዱቄት፣ ማሽላ ሲገባ የማሽላ ዱቄት። ኢንቨርስ ጋ ሲደረስ ግን ዱቄቱ ተመልሶ እህል አይሆንምና ምሳሌው ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ለዚያ ከሰዓታችን የተሻለ የለም።

የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት ስንቀይር 3 ሰዓት 9 ይሆናል፣ 8 ሰዓት 2 ይሆናል። ተማሪዎቹ ከ1 እስከ 12 ያለውን ሠንጠረዥ ራሳቸው ይሙሉ። ደንቡን ስትጠይቁ «6 መደመር» ይላሉ። 7 ላይ ሲደርሱ 13 ይመጣባቸዋል፤ ያኔ ደንቡ ለሁለት ይከፈላል፦ ከ1 እስከ 6 ላለው 6 ደምር፣ ከ7 እስከ 12 ላለው 6 ቀንስ። በክፍልፋይ ደንብ የሚሠራ ፈንክሽንን ሳናስበው አስተማርን። ቀጥሎ 3ን ሁለት ጊዜ አሳልፏት፦ 3 ወደ 9፣ 9 ወደ 3። ፈንክሽኑ የራሱ ኢንቨርስ ነው። ግራፉ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ዶሜይኑ (የግብዓቶቹ ስብስብ) 12 ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ ግራፉ 12 ነጥብ ነው። ተማሪው ነጥቦቹን በማስመሪያ ካገናኘ፣ በመካከላቸው ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ዶሜይን ውስጥ አስገባቸው ማለት ነው።

ዘመኑስ? «2024 በእኛ ስንት ነው?» ቢባል 2016ም 2017ም ትክክል ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 የዋለው በዚያው በ2024 ነውና። ዓመቱን ብቻ ከያዝን ሪሌሽን እንጂ ፈንክሽን አይደለም። ግብዓቱን ወደ ሙሉ ቀን ብናሰፋው ፈንክሽን ይሆናል። ፈንክሽን መሆን አለመሆን ዶሜይኑን አይቶ የሚፈረድ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ለአሥረኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት የደመወዝ ግብር አቅርቡላቸው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከ3,200 ብር በላይ እስከ 5,250 ብር ያለው ወርሃዊ ደመወዝ በ20 በመቶ ተባዝቶ 302.50 ብር ይቀነስለት ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 7,800 ያለው በ25 በመቶ ተባዝቶ 565 ይቀነስለት ነበር። ሰንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ተቀናሹ ለምን መጣ ብላችሁ ጠይቁ። 5,250ን በሁለቱም ደንብ እንዲያሰሉት አድርጉ፦ 1,050 ሲቀነስ 302.50፣ 747.50። 1,312.50 ሲቀነስ 565፣ እንደገና 747.50። ተቀናሹ ሁለቱን መስመሮች ድንበሩ ላይ የሚያጋጥም ቁጥር ነው። ግራፉ አይዘልም፤ ዳገቱ ትንሽ ይከብዳል እንጂ። በዚያ ሰንጠረዥ 5,251 ብር የደረሰ ሠራተኛ በተጨመረችው አንድ ብር ላይ 25 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ «ጭማሪው እርከን አሻግሮ ደመወዜን ቀነሰው» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም።

አሁን ወደ ፎርሙላው እንምጣ፤ እዚህም የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። ተማሪው ኤፍ ኦፍ ኤክስን «ኤፍ ሲባዛ በኤክስ» ብሎ ያነበዋል። ከዚያም በኤክስ ቦታ ኤክስ ሲደመር 2 ሲገባ ያለውን ዋጋ ሲጠየቅ መጨረሻ ላይ 2 ይደምራል። መድኃኒቱ በኤክስ ፋንታ ባዶ ቅንፍ መጻፍ ነው። ፎርሙላው ኤክስ ካሬ ሲቀነስ 3 ከሆነ፣ መጀመሪያ «ቅንፍ ካሬ ሲቀነስ 3» ይጻፍ፤ ከዚያ ኤክስ ሲደመር 2 እንዳለ ቅንፉ ውስጥ ይግባ። ዶሜይን ላይ ደግሞ አንድ ክልከላ አግኝቶ ማቆም አለ። ላይ የኤክስ ሲቀነስ 3 ስኩዌር ሩት፣ ታች ኤክስ ሲቀነስ 5 ያለበት ክፍልፋይ ሲሰጠው «ከ5 በስተቀር ሁሉም» ብሎ ይጨርሳል። ሩቱ ኤክስ ከ3 እንዳያንስ ማስገደዱን ይዘነጋል።

በኢንኢኳሊቲ (በመብለጥና በማነስ) የተሰጡ ሪሌሽኖች ከሁሉም በላይ ጊዜ ይፈልጋሉ። ዋይ ከኤክስ ይበልጣል፣ ዋይ ከ4 ያንሳል፣ ኤክስ ከዜሮ አያንስም እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድንበሮች የተቆራረጠ መስመር፣ ሦስተኛው ድፍን መስመር ይሆናሉ። ለሙከራ (0፣ 0)ን መውሰድ ልማድ ሆኗል፤ እዚህ ግን ድንበሩ ላይ ስላረፈ አይሠራም፣ (1፣ 3) ይወሰድ። የሚቀባው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ዶሜይኑን ለማንበብ ቅቡን በሐሳብ ወደ ኤክስ አክሲስ ጫኑት፦ ከ0 ጀምሮ ከ4 በታች፣ 0 ራሱ ገብቶ። ሬንጁን (የውጤቶቹን ስብስብ) ለማንበብ ወደ ዋይ አክሲስ ጫኑት፦ ከ0 በላይ ከ4 በታች፣ 0 ሳይገባ። ብዙው ተማሪ ሬንጁ ላይም 0ን ያስገባል፤ (0፣ 0) ማዕዘኗ ላይ ስለምትታየው ነው። ማዕዘኖቹ ሦስቱም የቅቡ አካል ስላልሆኑ ባዶ ክብ ይደረግባቸው።

ፈተና ስታወጡ «ፈንክሽን ነው ወይስ አይደለም» ብቻ አትጠይቁ፤ ግማሹ በግምት ያገኘዋል። «አይደለም» ያለ ተማሪ ሁለት ቀስት የወጣበትን ግብዓት ስም ጠርቶ ይጻፍ፤ ነጥቡም ለእርሱ ይሰጥ።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።