የራስን መኪና በመርከብ ይዞ አይስላንድ፦ ወንዙ ዳር የቆምንበት ቀን

ቤቲ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝንም፣ እንግዳው ሚኪ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፍቶብን ነበር። ከፍራንክፈርት ፕራዶውን አስነስቶ፣ በመርከብ አይስላንድ ገብቶ፣ በዚያችው መኪና አገሩን ዞሮ ከትናንት ወዲያ ማታ ቤቱ ደረሰ። እንኳን ደህና ገባህ!

ሚኪ፦ እንኳን ደህና ቆየሽኝ ቤቲዬ። መኪናዋን ገና አላጠብኳትም። በሯን ስከፍት ጥቁር አሸዋ ይረግፋል።

ቤቲ፦ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ልጠይቅህ። በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ ደርሶ መኪና መከራየት ይቻላል። ታዲያ ለምን ይዘህ ሄድክ?

ሚኪ፦ ለአንድ ሳምንት ከሆነ ተከራዪ። ይሄን በግልጽ ልናገር። መርከቡ ብቻ ሲሄዱ ሁለት ሌሊት፣ ሲመለሱ ሁለት ሌሊት ይፈጃል። በዚያ ላይ ከፍራንክፈርት ወደቡ ድረስ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለ። ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስትቆዪ ነው የሚያዋጣው። ለእኔ ግን ገንዘቡ ሁለተኛ ነው። እኔ ይቺን መኪና አውቃታለሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2007 ፕራዶ ናት፣ ናፍታ፣ ባለ 3 ሊትር ሞተር፣ ስምንት ዓመት ነድቻታለሁ። ዳገት ላይ ስትጨነቅ አውቃለሁ፣ ቁልቁለት ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደምትረጋ አውቃለሁ፣ ከሥሯ አዲስ ድምፅ ከመጣ ሬዲዮ ተከፍቶም ይሰማኛል። የኪራይ መኪና ሲንኳኳ ግን ከመጀመሪያው እንደዚያ ነበር ወይስ አሁን ነው የተበላሸው፣ በምን ታውቂያለሽ?

ቤቲ፦ እሺ፣ ገባኝ። መንገዱን አስረዳን። እኔ ራሴ መኪና የሚጭን መርከብ ወደዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሚኪ፦ አንድ ነው ያለው። ኖሮና ይባላል፣ የፋሮ ደሴቶች ኩባንያ መርከብ ነው፣ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራ። የሚነሳው ከዴንማርክ ሰሜን ጫፍ፣ ሂርትስሃልስ ከምትባል ወደብ ነው። መሀል ላይ ፋሮ ደሴቶች ቶርስሃቭን ላይ ይቆምና አይስላንድ ምሥራቅ፣ ሴይዲስፍዮርዱር የምትባል ትንሽ ከተማ ያወርድሻል። ከዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ተቃራኒ ጫፍ ማለት ነው። ዋጋው በመኪናው ርዝመትና ከፍታ፣ በወቅቱና በምትይዢው ክፍል ይለያያል። ጣሪያ ላይ ድንኳን ያለው ሰው ከነድንኳኑ ለክቶ ይመዝገብ። ለአውሮፓ በጋ ደግሞ ገና በብርዱ ወቅት ቦታ ያዙ፣ ቶሎ ያልቃል።

ቤቲ፦ መርከቡ ላይ መኪናው ውስጥ መተኛት ይቻላል?

ሚኪ፦ አይቻልም። መርከቡ ሲነሳ የመኪናው ወለል ይዘጋል። የምትፈልጊውን ሁሉ፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ቀድመሽ ይዘሽ መውጣት አለብሽ። የእጅ ፍሬን ትይዣለሽ፣ ማርሽ ታስገቢያለሽ፣ አላርም ታጠፊያለሽ፣ አለዚያ ማዕበሉ ሲንጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። ጀሪካንም ባዶውን ነው የያዝኩት። ነዳጅ የሞላሁበት ከወረድኩ በኋላ ኤይልስታዲር ከተማ ነው፣ ከወደቡ 27 ኪሎ ሜትር፣ ተራራውን ተሻግሮ።

ቤቲ፦ ወረቀቱስ? ቀረጥ፣ ኢንሹራንስ?

ሚኪ፦ የአውሮፓ ታርጋ ካለሽ ቀላል ነው። ለጉብኝት የገባ መኪና እስከ 12 ወር ያለ ቀረጥ ይቆያል። የጀርመን ኢንሹራንስም እዚያ ይሠራል። ግን ለኢንሹራንስ ድርጅትሽ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኪ፦ «ወንዝ ስሻገር ሞተሩ ውስጥ ውሃ ቢገባ ትከፍላላችሁ ወይ?» ብለሽ። መልሱንም አትመሽ መኪናው ውስጥ አስቀምጪው። የኪራይ መኪናዎችማ አብዛኞቹ የውሃ ጉዳት አይሸፍኑም።

ቤቲ፦ ወደ ወንዙ እንመጣለን። ቅድም ስንጠጣ ስለዚያ ስትነግረኝ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነው የቀረው። መጀመሪያ ግን መንገዶቹን።

ሚኪ፦ ደሴቱን የሚዞረው ቁጥር 1 መንገድ አለ፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልት ነው፣ በማንኛውም መኪና ይነዳል። መሀል አገሩ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያሉት መንገዶች ከቁጥራቸው በፊት ኤፍ የሚል ፊደል አላቸው፣ ሕጉ ፎር ባይ ፎር ላልሆነ መኪና አይፈቅድም። ፒስታ ናቸው፣ አንዳንዱማ የድንጋይ ክምር ነው። የሚከፈቱት በረዶው ሲቀልጥ ነው፣ ከጁን አጋማሽ በኋላ እንደየቦታው፣ እስከ መስከረም። ካርታ ላይ ስላለ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የመንገድ ባለሥልጣኑ በየቀኑ የቱ እንደተከፈተ ያሳውቃል፣ በ1777 ደውለሽም ትጠይቂያለሽ።

ቤቲ፦ እሺ፣ እንግዲህ ወንዙ።

ሚኪ፦ ወንዙ። መሄድ የፈለግነው አስክያ ነው። በ1875 በኃይል የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው፣ አሁን ትልቅ ሐይቅ ይዟል። በጣም ታዋቂው መግቢያ ኤፍ 88 ነው፣ ሄርዱብሬይድ የሚባለውን ተራራ እያየሽ የምትሄጂበት። ተራራው አናቱ ጠፍጣፋ ነው። አምባ በይው፣ እኛ አገር ቢሆን አናቱ ላይ ገዳም ይኖርበት ነበር። መንገዱ ላይ ሁለት ዋና ወንዞች አሉ፣ ድልድይ የላቸውም። የመጀመሪያው ግራፋርላንዳው ከምንጭ የሚመጣ ነው፣ ጥርት ያለ፣ የታችኛው ጠጠር ይታያል። እሱን በዝግታ ተሻገርን። ሁለተኛው ሊንዳው ነው። እዚያ የደረስነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥል ውሎ።

ቤቲ፦ ፀሐዩ ምን ያደርጋል?

ሚኪ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው! እዚያ አገር ወንዝ የሚሞላው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ አይደለም። ፀሐይ የበረዶ ግግሩን ታቀልጠዋለች፣ የቀለጠው ውሃ ደግሞ ሰዓታት ወስዶ ታች ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ጉልበት የሚደርስ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ወገብ ሊደርስ ይችላል። ሊንዳው ላይ ስንደርስ ውሃው እንደ ወተት ሻይ ደፍርሷል፣ ከጎኑ ያለው ትልቁ ወንዝ ሞልቶ ወደ እሱ እየፈሰሰ ነው። ወለሉ አይታይም። ያለችኝ ፕራዶ 70 ሳንቲ ሜትር ድረስ ትገባለች ይላል መጽሐፏ፣ ያ ግን ለቆመ ውሃ ነው፣ ለሚገፋ ውሃ አይደለም። ዱላ ይዤ፣ የውሃ ሱሪዬን ለብሼ ገባሁ፣ ባለቤቴ ገመዱን ይዛ። አራት እርምጃ ሄጄ ውሃው ጭኔን ሲገፋኝ ቆምኩ። በእግሬ ካልተሻገርኩት በመኪና አልገባም፣ ይሄ እዚያ ያሉ ነጂዎች ሁሉ የሚነግሩሽ ነው። ወጣሁ።

ቤቲ፦ እዚያ ድረስ ሄደህ፣ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር። አልቆጨህም?

ሚኪ፦ ቆጭቶኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ከኋላችን ሁለት መኪናዎች ነበሩ፣ አንዱ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ የአገሩ ሰው፣ እሱ ተሻገረ። ውሃው ኮፈኑ ላይ ወጣ። ሌላው እኛን አይቶ ተመለሰ። ታውቂያለሽ፣ አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። አፋር ውስጥ ደራሽ ሲመጣ መኪናዎቹ ተሰልፈው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቁ ነበር፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ። ሻይ ያፈላሉ፣ ይተኛሉ። «ውሃ ከመኪና ጋር እልህ የለውም፣ አንተም አይኑርህ» ይለኝ ነበር። ያን ቀን ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ቤቲ፦ አባትህ እዚያ ቢኖሩ ደስ ይላቸው ነበር።

ሚኪ፦ በጣም። ተመልሰን ሞድሩዳሉር የምትባል የእርሻ ቦታ ላይ ድንኳን ጥለን አደርን። በማግስቱ በማለዳ ኤፍ 905ን ከዚያ ኤፍ 910ን ይዘን ገባን። እሱ መንገድ ረዘም ይላል፣ ግን ትልልቆቹ ወንዞች ላይ ድልድይ አለ። አስክያ ደረስን! አየሽ፣ ያን ቀን ብንገባ ሊሆን የሚችለውን ሳስበው፣ አንድ ሌሊት መጠበቅ ምን ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ቤቲ፦ ድምፅ ስለሰማህበት ንገራቸው።

ሚኪ፦ አዎ፣ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ፒስታው እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ሞገድ ሞገድ ሠርቷል፣ መኪናው ይርገፈገፋል። የጎማዬን ንፋስ ከ2.4 ባር ወደ 1.6 ቀንሼዋለሁ፣ ለስለስ እንዲል። ከኋላ በስተቀኝ ቋ፣ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ ባለቤቴ ምንም አልሰማችም። ቆምኩ፣ ክሪክ አስገብቼ ሥር ገባሁ። የሾክ አብዞርበሩ የታችኛው ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ ነበር። ከጉዞው በፊት አንድ ጋራዥ ቀይሮልኛል፣ ሳያጠብቀው ቀርቷል። አሥር ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሳልሰማው አንድ ሰዓት ብነዳ ግን ብሎኑ ወልቆ መሀል በረሃ ላይ እቀር ነበር። ከጋራዥ የወጣ መኪና ቢያንስ 500 ኪሎ ሜትር ይነዳና ብሎኖቹ እንደገና ይታዩ፣ ከዚያ ነው መርከብ ላይ የሚወጣው። እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የሄድኩት፣ ያ ስህተት ነው።

ቤቲ፦ አስክያ ራሱ እንዴት ነው?

ሚኪ፦ ቤቲ፣ ኤርታ አሌ የሄደ ሰው ይገባዋል። ጥቁር መሬት፣ ዝምታ፣ ሰው የለም። ናሳ በ1965 እና በ1967 የጨረቃ ተጓዦቹን ያሰለጠነው እዚያ ነው፣ ኒል አርምስትሮንግም በሁለተኛው ዙር ነበረበት። ከዚያ ወረድ ብሎ ደግሞ በ2014 እና በ2015 የወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ 85 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሸፈነ። እዚያ ስቆም አፋር ነው የታየኝ። ሁለቱም ቦታ መሬት የምትለያይበት ነው። በፈረንጆቹ 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ መሬቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቋል፣ አይስላንድም ውስጥ እንዲሁ ዓይነት ነገር ደርሷል። አንድ ቀን ይቺኑ መኪና አፋር ላይ ባያት ደስ ይለኛል።

ቤቲ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፎር ባይ ፎር ስላለን በየሜዳው መንዳት ይቻላል የሚመስለው ሰው አለ።

ሚኪ፦ እዚያ ክልክል ነው! ከመንገድ መውጣት ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። እኔ ሕጉን ብቻ ብዬ አይደለም። ድንጋዩ ላይ የበቀለ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) አለ፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ። አንዴ ጎማ ከሄደበት ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። የጎማ ዱካ ያየሁባቸው ቦታዎች አሉ፣ ልቤን ነው የነካኝ። መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢኖርም ጉድጓዱ ውስጥ እለፊ፣ በዳር አትዙሪ። መኪና ውስጥ ማደርም ቢሆን በተፈቀደው የድንኳን ቦታ ነው፣ ወይ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደሽ።

ቤቲ፦ ነፋሱስ? ከቀረጻው በፊት ስለ መኪና በር ያልከኝ።

ሚኪ፦ አዎ፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ መኪና የሚጎዳው በሱ ነው። በር በዝግታ ይከፈታል፣ በሁለት እጅ። ነፋሱ በሩን ነጥቆ ማጠፊያውን ይሰብረዋል። ስታቆሚ የመኪናሽን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሪው። መብራትም ቀንም ሌሊትም መብራት አለበት፣ ሕግ ነው። ፒስታ ላይ ከ80 በላይ አትነጂ፣ እኔ ግማሹን ጊዜ ከ50 በላይ አልሄድኩም።

ቤቲ፦ አይስላንድ በጣም ይርቃል ለሚል አድማጭ ሌላ የምትመክረው አገር አለ?

ሚኪ፦ ሞሮኮ። ከስፔን አልጌሲራስ ወደ ታንጀር አጭር መርከብ ነው፣ ድንበር ላይ በጊዜያዊነት ታስመዘግቢያለሽ፣ እስከ ስድስት ወር። ካርኔ አይጠይቁሽም። ግብፅ ግን ትጠይቃለች፣ ካርኔ ማለት መኪናውን መልሰሽ እንደምታወጪ ዋስትና የሚሰጥ ደብተር ነው፣ ጀርመን ውስጥ የሚሰጠው አዳክ የሚባለው የመኪና ነጂዎች ማኅበር ነው፣ ገንዘብ አስይዘሽ። መጀመሪያ ወረቀት በማይበዛበት ቦታ ጀምሩ።

ቤቲ፦ ከሊንዳው የተመለስክበትን መንገድ፣ ተመልሰህ ትሞክረዋለህ?

ሚኪ፦ እሞክረዋለሁ። ኦገስት ላይ ሳይሆን በሌላ ጊዜ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር እሆናለሁ። ዱላውን ይዤ በእግሬ ነው መጀመሪያ የምገባው። ያን ጊዜም ጭኔን ከገፋኝ፣ ሻይ አፍልቼ እዚያው እቀመጣለሁ።