ኪንግስ ማውንቴን ላይ ማን ነበር? የ1780ውን ሚሊሻ ከሰነድ ፈልጎ ማግኘት

[ምስል፦ ደን የለበሰ ዝቅ ያለ ኮረብታ፣ የባሩድ ጭስ። ጽሑፍ፦ «ኦክቶበር 7 ቀን 1780»]

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ የተደረገው የኪንግስ ማውንቴን ውጊያ ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም። ከአፓላቺያን ተራሮች ማዶና ከግርጌያቸው የመጡ 900 ያህል የነጻነት ወገን ሚሊሻዎች ፈረሳቸውን ከታች አስረው ኮረብታውን ከበቡ። ከላይ ሻለቃ ፓትሪክ ፈርጉሰን ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደሩ 1,100 ያህል አሜሪካውያን ይዞ ነበር። ፈርጉሰን ተገደለ፤ የቀረው ጦር እጁን ሰጠ። የአሸናፊዎቹ አዛዦች ባቀረቡት ሪፖርት ከነሱ ወገን 28 ሞተው 62 ቆስለዋል። ቁጥሩ ይህን ያህል ጥርት ያለ ነው። የስም ዝርዝሩ ግን የለም። በዕለቱ ኮረብታው ላይ የነበሩትን ሁሉ የመዘገበ ጸሐፊ አልነበረም።

ዛሬ በመጻሕፍትም በኢንተርኔትም የሚገኘው «የኪንግስ ማውንቴን ተዋጊዎች ዝርዝር» ሁሉ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ አንዳንዱም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከጡረታ ማመልከቻ፣ ከደብዳቤና ከቤተሰብ ወግ የተለቃቀመ ነው። መንገድ ይጠቁማል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ቅድመ አያታችሁ እዚያ ተዋግቶ እንደሆነ ስትፈልጉ ዝርዝር ውስጥ የቤተሰባችሁን ስም አይታችሁ «ይኸው የኛ ሰው» ካላችሁ ፍለጋው እዚያው ላይ ተበላሸ ማለት ነው።

[ምስል፦ ሁለት ገመድ፤ አንዱ ከዛሬ ወደ ሰውየው፣ ሌላው ከሰውየው ወደ ኮረብታው]

መያያዝ ያለባቸው ሁለት ገመዶች ናቸው። አንደኛው ከእናንተ ተነስቶ እስከ ሰውየው ይወጣል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ከኮረብታው ጋር ያስራል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዞ ይሮጥና የመጀመሪያውን በግምት ይሞላዋል።

ከዛሬ እስከ 1780 ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ትውልድ ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማ ያደገ ሰው ርቀቱ ይገባዋል። ከታች ስትነሱ የምትጠቀሙት የልደትና የሞት ምዝገባ ተዋጊዎቹ በኖሩባቸው የደቡብ ግዛቶች (ቨርጂኒያ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎችና ቴነሲ) በመደበኛነት የተጀመረው በ1910ዎቹ ነው። ከዚያ በላይ የሕዝብ ቆጠራ ነው የሚያወጣችሁ። ስም ያለበት የቆጠራ ወረቀት ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነው። የ1880ው ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ ይናገራል፤ የ1850ው የሁሉንም ስምና የትውልድ ግዛት ይዟል፣ ዝምድናን ግን አይጽፍም። የ1890ውን ብዙ አትፈልጉት፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ምክንያት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከ1850 በፊት ደግሞ የተጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜ ክልል የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው።

ዋናው ገደል ከ1850 ወደ 1780 ያለው ነው። የቴነሲ የ1790 እና የ1800 ቆጠራዎች የሉም፤ የ1810ው ከጥቂት በቀር ጠፍቷል፤ ከ1820ው የምሥራቁ ክፍል፣ ማለትም የተራራ ማዶዎቹ ሰዎች አገር፣ የለም። የቨርጂኒያም የ1790 የለም። ስለዚህ በቨርጂኒያ በኩል ከ1782 ጀምሮ በየዓመቱ የተያዘውን የግል ንብረት ግብር መዝገብ ተጠቀሙ። አንድ ሰው በየዓመቱ እየታየ ድንገት ሲጠፋ ወይ ሞቷል ወይ ሄዷል። አዲስ ወጣት ከአጠገቡ ብቅ ሲል ልጁ 21 ዓመት ሞልቶት ይሆናል።

ትውልድን ከትውልድ የሚያገናኙት ኑዛዜና የመሬት ውል ናቸው። በተለይ አንድ ዓይነት ውል አለ፦ አባት ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ድርሻቸውን ለአንዱ ወንድም ሲሸጡ የተፈራረሙት። እዚያ ላይ ሴት ልጆች ከነባሎቻቸው ስም በስም ይቆማሉ። ሴት ስታገባ ስሟ በሚቀየርበት አገር ይህን ውል የሚተካ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ውሉ የተመዘገበው አባት በሞተበት ዓመት ላይሆን ይችላል፤ እስከ 20 ዓመት ወደፊት ፈልጉ።

ስለ ስም አንድ ነገር። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ እዚያ የቤተሰብ ስም አይለወጥም፣ የመጀመሪያ ስሞቹም በጣም ጥቂት ነበሩ። በአንድ ካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ አስተዳደር) አምስት ጆን፣ ሁሉም አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው፣ የተለመደ ነው። ከስም ቀጥሎ የምታዩት «ሲንየር» እና «ጁንየር» ደግሞ በዚያ ዘመን የግድ አባትና ልጅ ማለት አልነበረም። በአካባቢው ካሉት ሞክሼዎች ትልቁና ትንሹ ማለት ነው፤ አጎትና የወንድም ልጅ፣ ወይም ጭራሽ የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ሲሞት ጁንየር የነበረው በማግስቱ ሲንየር ይባላል። አንድን ሰው ሁለት፣ ሁለት ሰውን አንድ የሚያደርገው ይህ ነው።

[ካርታ፦ የ1780 ወሰኖች፣ በላያቸው የዛሬዎቹ ግዛቶች]

ቦታውም ያሳስታል። በ1780 ዋሽንግተን ካውንቲ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፦ አንዱ የቨርጂኒያ፣ ሌላው የኖርዝ ካሮላይና። የቨርጂኒያው ዛሬም ቨርጂኒያ ነው፤ የኖርዝ ካሮላይናው ዛሬ ቴነሲ ነው። ተዋጊዎቹ ሴፕቴምበር 25 የተሰበሰቡበትን ሲካሞር ሾልስን ውሰዱ። እዚያ ቤቱን ሳይለቅ የኖረ ሰው በ1780 የኖርዝ ካሮላይና ዋሽንግተን ካውንቲ ነዋሪ ነበር፤ ከ1784 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ራሱን ፍራንክሊን ብሎ በሰየመ ግዛት ውስጥ ኖረ፤ ከ1790 በደቡብ ምዕራብ ግዛት፣ ከ1796 ወዲህ በቴነሲ፣ ካርተር ካውንቲ። ሰውየው አልተነቃነቀም፤ ወረቀቱ ግን በየቦታው ተበትኗል። ውጊያው የተደረገበት ኮረብታ ራሱ ያለው ሳውዝ ካሮላይና ነው፤ ኪንግስ ማውንቴን የተባለችው ከተማ ግን ኖርዝ ካሮላይና ናት።

አዛዡን ካወቃችሁ ካውንቲውን አወቃችሁ። ካምቤል የቨርጂኒያውን ዋሽንግተን፣ ሴቪየር የኖርዝ ካሮላይናውን ዋሽንግተን፣ ሼልቢ ሱሊቫንን፣ ክሊቭላንድ ዊልክስን፣ ዊንስተን ሰሪን፣ የማክዳውል ወገኖች በርክን ይዘው መጡ። የናንተ ቤተሰብ በሴቪየር አካባቢ፣ በኖሊቸኪ ወንዝ ዳር ይኖር ከነበረና ያገኛችሁት ሰው «አዛዤ ክሊቭላንድ ነበር» ካለ፣ ሞክሼ ይዛችሁ እንዳይሆን ጠርጥሩ። የሱሊቫን ሰው ለሚፈልግ ደግሞ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ብላውንትቪል የነበረው ፍርድ ቤት በ1863 በእርስ በርሱ ጦርነት ተቃጥሏል፤ መዝገቡም አብሮ።

[ምስል፦ በላባ ብዕር የተጻፈ የጡረታ ማመልከቻ]

ሁለተኛው ገመድ የጡረታ ፋይል ነው። የጦር ሚኒስቴሩ መዝገብ ኖቬምበር 8 ቀን 1800 ስለተቃጠለ፣ ሚሊሻም የጽሑፍ ማሰናበቻ ብዙ ጊዜ ስላልነበረው፣ የጁን 7 ቀን 1832 ሕግ ሽማግሌዎቹን ፍርድ ቤት ቀርበው በቃል እንዲመሰክሩ አደረጋቸው። የት ተወለድክ? በየት ዓመት? ሲጠሩህ የት ነበርክ? ከዚያስ ወዴት ሄድክ? በፈቃድህ ነው፣ በዕጣ ነው ወይስ በሰው ምትክ? አዛዦችህ እነማን ነበሩ? የሚያውቅህ ጎረቤት ማን ነው? መልሱ ከጦር ታሪክ ይልቅ ለዘር ሐረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሕጉ ቢያንስ ስድስት ወር አገልግሎት ይጠይቃል። የኪንግስ ማውንቴን ዘመቻ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያንን ብቻ የዘመተ ሰው አላለፈም፣ ያለፈው ሌሎች ዘመቻዎችንም ደምሮ ነው። ተራ እግረኛ ለሁለት ዓመት አገልግሎት በዓመት 80 ዶላር ይታሰብለት ነበር። ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ፦ በዓመት 20 ዶላር የተቀበለ ሰው የስድስት ወር አገልግሎት ጸድቆለታል።

ከፋይሉ ቁጥር በፊት ያለች ፊደል ትርጉም አላት፦ «ኤስ» በሕይወት የነበረ ወታደር፣ «ደብልዩ» መበለት፣ «አር» ውድቅ የተደረገ። ውድቅ ማለት ዋሸ ማለት አይደለም፤ ወር አልሞላ፣ ምስክር ጠፋ፣ ወይም ጋብቻው አልተረጋገጠ ይሆናል። እንዲያውም የተከለከለ ሰው ደጋግሞ ስለሚጽፍ ፋይሉ ይወፍራል። ኢሽማኤል ታይተስ የተባለ፣ በባርነት ተወልዶ በጌታው ልጅ ምትክ የዘመተ ጥቁር ወታደር ኪንግስ ማውንቴን ላይ እንደነበር በማመልከቻው ተናግሯል፤ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል፣ ቃሉ ግን ፋይሉ ውስጥ አለ። ነጻ ጥቁር የነበረው አንድሩ ፈርጉሰን ደግሞ ጡረታ አግኝቷል። ጥቁር ተዋጊ የምትፈልጉ ከሆነ ከፋይል አትለዩ፤ የቆዩት የጀግና ዝርዝሮች ብዙዎቹን ዘለዋቸዋል።

የመበለት ፋይል ካገኛችሁ ገጽ በገጽ አገላብጡት። ጋብቻን ለማስረዳት ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የልጆች ልደት የተጻፈበትን ቅጠል ገንጥለው የላኩ አሉ፤ ቅጠሉ እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው የተመረጡ ገጾች ብቻ ያሉበት ስብስብ የማይበቃው። በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኤም 805 የተባለው ማይክሮፊልም ምርጥ ገጾች ናቸው፤ ሙሉው ኤም 804፣ 2,670 ጥቅል ነው፤ ኢንተርኔት ላይም ይገኛል። ስትፈልጉ ፊደል አትመኑ፤ ጸሐፊው በጆሮው እንደሰማ ነው የጻፈው። ሴቪየር ሲጠራ «ሰቪር» ስለሚባል በብዙ ፋይል ላይ «ጨካኝ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ሆኖ ተጽፏል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሌላ ሕግ አለ። የማርች 3 ቀን 1855 የመሬት ሕግ 160 ኤከር፣ ወደ 65 ሄክታር ግድም፣ ሲሰጥ የኪንግስ ማውንቴን በጎ ፈቃደኞችን በስም ጠቅሶ አካቷቸዋል። በጡረታ ያላለፈ ሰው መበለት በዚህ አመልክታ ሊሆን ይችላል። የ1840 ቆጠራንም አትርሱ፤ ጡረተኞችን ከነዕድሜያቸው፣ ከማን ቤት እንደሚኖሩም ጭምር ይመዘግባል፤ ያ ቤት ብዙ ጊዜ የሴት ልጅ ባል ቤት ነው።

አሁን ማመልከቻውን በጥንቃቄ አንብቡ። ኦክቶበር 6 ማታ፣ በውጊያው ዋዜማ፣ ካውፐንስ በተባለ ቦታ ላይ አዛዦቹ ፈረሱና ጠመንጃው ደህና የሆነውን 900 ያህል ሰው መርጠው በዝናብ ሲገሰግሱ ሌላው ከኋላ ቀርቷል። ስለዚህ «ወደ ኪንግስ ማውንቴን ዘመትኩ» ያለ ሁሉ ተኩሶበታል ማለት አይደለም፤ ውጊያው ካለቀ በኋላ የደረሰም፣ እስረኛ ብቻ የጠበቀም አለ። ዘመቻውንና ውጊያውን ለይታችሁ ጻፉ። ዓመቱን የተሳሳተ ሽማግሌ ደግሞ ብዙ ነው፤ 50 ዓመት አልፎታል። ዓመት ቢሳሳትም የመቶ አለቃውና የጎረቤቱ ስም ከገጠመ ተቀበሉት።

ከ1832 በፊት ለሞተ ሰው ወደ ግዛቶቹ ሂዱ፦ ራሌይ ያሉት የኖርዝ ካሮላይና የጦር ሂሳቦች፣ ሪችመንድ ያሉት የቨርጂኒያ የአቅርቦት ጥያቄዎች፣ ኮሎምቢያ ያሉት የሳውዝ ካሮላይና የተመረመሩ ሂሳቦች። ስንት ቀን እንዳገለገለ፣ ፈረሱ እንደጠፋበት፣ በሬው እንደታረደበት ታገኛላችሁ። የ«የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች» ማኅበር የማመልከቻ ማውጫም ነጻ ነው፤ ሆኖም ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1890 ጀምሮ ባሉት ቀደምት ዓመታት የጸደቁት ዛሬ የሚጠየቀውን ማስረጃ አላቀረቡም። ዲኤንኤ እዚህ ርቀት ላይ ብዙ አይረዳም፤ ሰባት ትውልድ ወደ ላይ 128 ሰዎች አሉ፣ ከእያንዳንዳቸው የደረሳችሁ በአማካይ ከመቶ አንድ አይሞላም።

አንድ በር ይቀራል። ሰውየው ከላይ፣ ከፈርጉሰን ጋር ቢሆንስ? ስኮትላንዳዊው ሻለቃ ከሰሜን ካመጣቸው 100 ያህል ወታደሮች ሌላ አብዛኛው ጦር የዚያው የካሮላይና ሰው ነበር፤ ወንድማማቾች በሁለት በኩል ቆመዋል። ከውጊያው ሳምንት በኋላ እስረኞቹ መካከል ዘጠኙ ተሰቅለዋል። በሕይወት የተረፈ ሰው ልጆች ስለዚህ ዝም ማለታቸው፣ የልጅ ልጆችም «አያታችን ኪንግስ ማውንቴን ነበረ» ብለው ማውራታቸው አይገርምም፤ መቼም አልዋሹም። ለንጉሡ ታማኝ የነበረው የሳውዝ ካሮላይና ሚሊሻ የደመወዝ ዝርዝር ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በግምጃ ቤቱ መዝገብ «ቲ 50» ሥር አለ፤ የካሳ ጥያቄዎቹ «ኤኦ 12» እና «ኤኦ 13» ውስጥ። በጡረታው በኩል ባዶ እጃችሁን ከቀራችሁ ያንኑ ስም እዚያ ፈልጉ።