ራማና ማሃርሺ፦ በ16 ዓመቱ ከሞት ጋር የተፋጠጠው ልጅ

(ምስል፦ ማዱራይ ከተማ፣ የቆየ ፎቶግራፍ)

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1896 ነው። ቦታው ደቡብ ሕንድ፣ ማዱራይ። ቬንካታራማን የሚባል የ16 ዓመት ልጅ በአጎቱ ቤት ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አባቱን ካጣ አራት ዓመት ሆኖታል። በሽታ የለበትም፤ ኳስና ትግል የሚወድ ጠንካራ ልጅ ነው። ድንገት ግን «ልሞት ነው» የሚል ፍርሃት ያዘው።

ሰው አልጠራም። ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛ። እጅና እግሩን እንደ ሬሳ ዘረጋ፤ ትንፋሹን ዋጠ፤ ከንፈሩን ገጠመ። ከዚያ ራሱን ጠየቀ፦ ይህ አካል ሞቷል እንበል። ወስደው ያቃጥሉታል። ታዲያ እኔም አብሬ አለቀልኝ ማለት ነው? በዚያች ቅጽበት ከአካሉ ጋር የማይሞት ነገር በውስጡ እንዳለ ቁልጭ ብሎ ታየው። የሞት ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ዳግመኛ አልያዘውም።

ትምህርት ግን አልሆን አለው። ኦገስት 29 ቀን ታላቅ ወንድሙ «ከሣጥኑ አምስት ሩፒ ወስደህ የኮሌጅ ክፍያዬን ክፈልልኝ» አለው። ልጁ ሦስቱን ለባቡር ያዘ፤ ሁለቱን ከአጭር ደብዳቤ ጋር ትቶ ወጣ። ማንም እንዳያዝን፣ እሱን ለመፈለግም ገንዘብ እንዳይባክን ጻፈ። የወንድሙ ክፍያ እንዳልተከፈለ ማስታወቁንም አልረሳም። ይህ ጥንቃቄው ስለ ልጁ ብዙ ይነግረናል።

(ምስል፦ አሩናቻላ ተራራ)

ሴፕቴምበር 1 ቀን ቲሩቫናማላይ ደረሰ። ከተማዋ ሂንዱዎች የአምላካቸው የሺቫ መገለጫ ነው በሚሉት በአሩናቻላ ተራራ ሥር ናት። እስኪሞት ድረስ ከዚያ አካባቢ አልወጣም። መጀመሪያ በቤተ መቅደሱ ምድር ቤት ተቀምጦ ተመስጦ ውስጥ ገባ። ጭኑን ነፍሳት ሲበሉት እንኳ አልተነሳም፤ ሰዎች ናቸው ተሸክመው ያወጡት። በኋላ ተራራው ላይ ወዳለ ዋሻ ተዛወረ። በ1907 አንድ የሳንስክሪት (የጥንታዊ ሕንድ ቋንቋ) ሊቅ «ራማና ማሃርሺ» አሏቸው። ማሃርሺ ታላቅ ጠቢብ ማለት ነው።

ትምህርታቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ እኔ ማን ነኝ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጥያቄውን እንደ ጸሎት ደጋግሞ የሚሉት ይመስለዋል። እሳቸው ያሉት ሌላ ነው። ተናደድክ እንበል። ንዴቱን አትታገለው፤ «የተናደደው ማን ነው?» በል። «እኔ» ትላለህ። ይህ «እኔ» የሚነሳው ከየት ነው? አእምሮህን ከንዴቱ መልሰህ ወደዚያ ምንጭ አዙረው። በቃል የሚመለስ መልስ የለውም። ጥያቄው ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ካጠፋ በኋላ ራሱም ይጠፋል፤ አስከሬን የሚቃጠልበትን እሳት የሚቆሰቁስ እንጨት በመጨረሻ አብሮ እንደሚነደው፣ ይሉ ነበር።

(ምስል፦ የአሽራሙ ወጥ ቤት)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ አኗኗራቸው ነው። በ1922 እናታቸው ሲሞቱ በመቃብራቸው ዙሪያ አሽራም፣ ማለትም መንፈሳዊ መኖሪያ፣ ተመሠረተ። ጠቢቡ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ወጥ ቤት ገብተው አትክልት ይከትፉ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ለእሳቸው ተለይቶ ሲጨመር አይወዱም። በ1924 ሌቦች ገብተው አንድ ጭናቸውን ሲመቷቸው «ካልበቃችሁ ሌላውንም ምቱ» አሏቸው። ደቀ መዝሙሮቻቸው ሊበቀሉ ሲነሱም ከለከሏቸው።

ቤቴንና ሥራዬን ትቼ ልመንን ለሚላቸው ሰው ብዙውን ጊዜ አይፈቅዱም ነበር። አእምሮህ ጫካም ብትገባ አብሮህ ይሄዳል፤ ባለህበት ጠይቅ ይሉታል።

ክንዳቸው ላይ የወጣው ካንሰር በተደጋጋሚ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም ተመልሶ መጣ። ተከታዮቻቸው ሲያለቅሱ «ይሄዳል ትላላችሁ፤ ወዴት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ» አሏቸው። ኤፕሪል 14 ቀን 1950 በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬም ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር እጅግ ብዙ ሰው አሩናቻላን በእግሩ ይዞራል፤ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሽራሙም እዚያው መንገድ ዳር ነው።