መንታ አካል ያለው የሪሞት አውሮፕላን፦ ጣጣው ሁሉ መሃሉ ላይ ነው

(ምስል፦ አውሮፕላኑ ከፊት ለፊት፤ ሁለቱ ፕሮፔለሮች ቀስ ብለው ይዞራሉ)

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ይኼውላችሁ። ሁለት አፍንጫ፣ ሁለት አካል፣ ሁለት ጅራት፣ አንድ ክንፍ። ዛሬ የምንሠራው እሱን ነው። ከፎም ቦርድ፣ ቤት ውስጥ፣ በካተር፣ በማስመሪያና በሆት ግሉ።

ባለ አንድ ሞተሩን ባለፈው ቪዲዮ ሠርተናል። መሪ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሰው የትንሹ ሞተር የሰርቮ አገጣጠም፣ አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድለው የክንፍ ክፍል የኤለሮን አቆራረጥ፣ የሚዛን ነጥብ አፈላለግ፣ ሁሉም እዚያ አለ፤ ዛሬ አልደግመውም። ያላያችሁት ሊንኩ ከታች አለላችሁ፣ አይታችሁ ተመለሱ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም በዚያው አድርጉ።

እሺ። መንታ አካል ሲባል ብዙ ሰው «ሥራው እጥፍ ነው» ብሎ ይፈራል። አትፍሩ። አንዱን አካል የሠራ ሰው ሁለተኛውን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል፤ ያንኑ ቅርጽ ገልብጦ መቁረጥ ነው። ጣጣው መሃሉ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያያይዘው ያ አጭር የክንፍ ቁራጭ አለ አይደል? እሱ። እሱ ከጠነከረ አንድ አውሮፕላን አላችሁ። እሱ ከላላ ግን ሁለት የተጣሉ አውሮፕላኖችን አንድ ላይ አየር ላይ ለቀቃችሁ ማለት ነው።

እንዴት መሰላችሁ፣ ጥማድ በሬ አስቡ። ሁለት በሬ፣ አንገታቸው ላይ አንድ ቀንበር፣ ከቀንበሩ መሃል ሞፈሩ። በሬዎቹ የእኛ ሁለት አካሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጉልበት አለው። ቀንበሩ ደግሞ የመሃል ክንፉ ነው። በደንብ ተከተሉኝ፤ ይቺን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት፣ ግማሹን ሥራ እሷ ታስረዳልናለች።

አንዱ በሬ ፈጠን፣ ሌላው ዘገም ሲል ምን ይሆናል? ቀንበሩ ይንሻፈፋል፣ ጥማዱ ወደ ዘገምተኛው ይዞራል፣ ትልሙ ይጎብጣል። በአውሮፕላንም ያው ነው። የግራው ሞተር ትንሽ ከበለጠ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሁን ቀንበሩን አስረዝሙት። በሬዎቹ ተራራቁ። ያቺው ትንሽ የፍጥነት ልዩነት አሁን የበለጠ ታዞራለች፣ አይደለም? ስለዚህ ሁለቱን አካል በጣም አታራርቁ። በጣም አታቀራርቡም፤ በሬዎቹ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ፣ ማለትም ፕሮፔለሮቹ ይነካካሉ። ጥሩ ጥማድ አራሹ ሲይዘው ደስ የሚለው ሁለቱ በሬዎች በጉልበት፣ በቁመትና በእርምጃ ሲመጣጠኑ ነው። እኛም የምንፈልገው ይኸንኑ ነው። አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ፕሮፔለር፣ አንድ ዓይነት ክብደት።

ምሳሌዋ የምታጥርበት አንድ ቦታ አለ። ቀንበር እንጨት ነው፤ አንገታቸው ላይ ትንሽ ቢሽከረከር በሬዎቹ ግድ የላቸውም። የእኛ ክንፍ ግን መጠምዘዝ የለበትም። የግራው አካል አፍንጫውን ቀና፣ የቀኙ ደፋ ካደረገ የመሃል ክንፉ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል፤ አንዱ ወገን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ሊል ይሞክራል፣ እናንተም ያልሰጣችሁትን ትእዛዝ አውሮፕላኑ መፈጸም ይጀምራል። ይህን ያዙልኝ፣ ስንሠራ እመለስበታለሁ።

(ምስል፦ የትዊን ሙስታንግ ንድፍ)

መሃሉ ጉድ እንደሚሠራ ትልልቆቹ መሐንዲሶችም በደንብ አይተውታል። በ1945 እ.ኤ.አ. ኖርዝ አሜሪካን የተባለው ኩባንያ ሙስታንግ ከሚባለው ባለ አንድ አካል ተዋጊ አውሮፕላኑ ተነስቶ ትዊን ሙስታንግ የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ሠራ። ሁለት አካል፣ በየአካሉ አንድ ሞተር፣ በየአካሉ አንድ የአብራሪ ክፍል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስነሱት ሲሞክሩ አልነሳም አለ! ጉልበቱ ሞልቶ መሬቱን አልለቅም አለ። ሲያጣሩ፣ ፕሮፔለሮቹ በመሃል ክንፉ በኩል የሚዞሩት ከታች ወደ ላይ ነበር። ያ አዟዟር የመሃል ክንፉን የማንሳት አቅም አጠፋው፤ መሃሉ ደግሞ የጠቅላላው ክንፍ ሩብ ያህል ነበር። ሩብ ክንፍ ጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ምን ሆነ? የግራውን ሞተር ከነፕሮፔለሩ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ። ፕሮፔለሮቹ መሃል ላይ ከላይ ወደ ታች መዞር ጀመሩ፣ አውሮፕላኑም ተነሳ። በ1947 እ.ኤ.አ. ከእነዚሁ አንዱ ከሃዋይ እስከ ኒው ዮርክ ሳያርፍ በረረ፤ ከ8000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ14 ሰዓት በላይ።

ለእኔ ከአቪዬሽን ታሪክ ይህን የሚያህል ግሩም ትምህርት የለም። ምንም አልጨመሩም፣ ምንም አልቀነሱም፤ ቦታ ብቻ ለዋወጡ። የእኛም ሞዴል በዚያው ሕግ ይሄዳል። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት የግራው ፕሮፔለር በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ የቀኙ በተቃራኒው። መሃል ላይ ሁለቱም ወደ ታች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን?» ትሉ ይሆናል። መልኩ ያምራል፤ ይህ ብቻውን ይበቃኛል። ግን ቁም ነገርም አለው። በተለመደው አውሮፕላን ክብደቱ ሁሉ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ክንፉ ደግሞ ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ስለዚህ ክንፉ ከሥሩ መታጠፍ ይፈልጋል። ክብደቱን ለሁለት ከፍላችሁ በክንፉ ላይ ስታራርቁት ያ የመታጠፍ ጫና ይቀንሳል። መሃሉም ነጻ ይሆናል። በ2019 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ስትራቶሎንች የሚባል ግዙፍ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 117 ሜትር ነው፤ ሁለት አካል ያደረጉለት መሃሉ ላይ ሮኬት እንዲንጠለጠልበት ነው። እኛ ደግሞ ካሜራ እናንጠለጥልበታለን፤ ፊቱ ላይ የሚዞር ፕሮፔለር የለም፣ ምስሉ ንጹሕ ነው።

(ምስል፦ የሥራ ጠረጴዛ፣ የተቆራረጠ ፎም ቦርድ)

አሁን ወደ ሥራ። ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 20። የሁለቱ አካሎች መሃል ለመሃል ርቀት 36። ፕሮፔለሩ 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር፤ በጫፎቻቸው መካከል 16 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፣ በቂ ነው። ሞተሮቹ መጠናቸው 2212፣ 1400 ኬቪ፣ ማለትም በአንድ ቮልት በደቂቃ 1400 ዙር። የሞተሮቹን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት ኢኤስሲዎች ባለ 30 አምፔር። ባትሪው 3 ሴል ሊፖ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ አይለፍ። የሚዛን ነጥቡ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። የግራና ቀኙንም ሚዛን እዩ፤ አንዱ ወገን ካዘነበለ ቀላሉ ላይ ትንሽ ክብደት ጨምሩ።

መሃሉ ላይ ግን አትቸኩሉ። ሁለት የካርቦን ቱቦ ያስፈልጋችኋል፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ከፊት፣ ክንፉ በጣም በሚወፍርበት፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ከኋላ። ሁለቱም 80 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱም ሳይቆራረጡ አካሎቹን በስተው ወደ ውጪው ክንፍ ይግቡ። አንድ ቱቦ ብቻ ከሆነ መታጠፍን ይከላከላል፣ መጠምዘዝን ግን አይችልም፤ ክንፉ ቱቦውን እንደ ዘንግ ይዞ ይዞርበታል። ከኋላ ደግሞ አግድሙን ጅራት አንድ ወጥ አድርጉትና ሁለቱን አካል አገናኙበት። አሁን ክንፍ፣ ጅራትና ሁለት አካል፣ አራት ማዕዘን ሆነ። ስትራቶሎንች ጅራቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ እሱ ይችላል። ፎም አይችልም።

ሙጫው ሲደርቅ እንዲህ ፈትኑት። (ቅርብ ምስል፦ እጆች) ሁለቱን ጅራት በሁለት እጅ ያዙ። ግራውን ወደ ላይ፣ ቀኙን ወደ ታች፣ ቀስ ብላችሁ። ዓይናችሁ መሃል ክንፉ ላይ ይሁን። በፎም ቦርዱ ወረቀት ላይ ከጥግ ወደ ጥግ አግድመት የምትሄድ ቀጭን መጨማደድ ካያችሁ፣ ወይም ሙጫው ጠጭ ጠጭ ካለ፣ ገና ነው። የክንፉን የታችና የላይ ሽፋን ዳር ዳሩን ሙሉ በሙሉ በሙጫ ዝጉት፤ የተዘጋ ሳጥን አይጠመዘዝም።

ሽቦ። ባትሪው አንድ ይሁንና መሃል ይቀመጥ። ሁለት የተለያየ ባትሪ ካደረጋችሁ አንዱ ቀድሞ ይደክማል፣ አንዱ በሬ ይዝላል። ኢኤስሲዎቹን ለባትሪው ቅርብ አድርጉ፤ ማርዘም ካለባችሁ ወደ ሞተር የሚሄዱትን ሦስቱን ሽቦ አርዝሙ፣ የባትሪውን አታርዝሙ፤ የባትሪው ሽቦ ሲረዝም ኢኤስሲው ይጎዳል። የአንዱን ሞተር አዟዟር ለመገልበጥ ከሦስቱ ሁለቱን ማቀያየር ነው። ፕሮፔለሩም ተቃራኒው መሆን አለበት፤ ከቁጥሩ ኋላ «አር» የሚል ፊደል ያለበት።

ቀዩን ሽቦ አትርሱ። (ቅርብ ምስል) ሁለቱም ኢኤስሲ የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ሪሲቨር በቀዩ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፤ ሁለቱን በአንዴ ከማጋፋት አንዱን ማቋረጥ ይሻላል። ሶኬቷ ላይ በቀዩ ሽቦ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ በመርፌ ጫፍ ቀና አድርጉ፣ ሽቦውን ሳቡት፣ ይወጣል። አትቁረጡት። ወደ ኋላ አጥፋችሁ በቴፕ ጠቅልሉት፤ አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ሁለቱንም ኢኤስሲ በአንድ ሪሞት፣ በአንድ ጊዜ ካሊብሬት አድርጉ፣ ማለትም የሪሞቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ጉልበት አንድ ዓይነት አስተምሯቸው።

እሺ፣ አሁን ወደ ኮመንቶቹ። ስለዚህ አውሮፕላን ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጽፋችሁልኛል። «ሁለት ሞተር ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢቆም በሌላው ተመልሶ ይመጣል።» በፍቅር ነው የምላችሁ፣ ይህ ሐሳብ ብዙ ሞዴል ሰባብሯል። ስለዚህ በደንብ እንየው።

ወደ በሬዎቹ ልመልሳችሁ። አንዱ በሬ ድንገት ተኛ እንበል። ሌላው መጎተቱን ቀጠለ። ወደፊት ይሄዳል? አይሄድም። በተኛው ዙሪያ ይዞራል። ጅራፍ ብትጨምሩበት የበለጠ ይዞራል። አየር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሞተሩ የቆመበት ወገን ወደ ኋላ ይቀራል፤ በዚያ በኩል ያለው ክንፍ ፍጥነት ያጣል፤ ፍጥነት ያጣ ክንፍ ማንሳት ያጣል። አውሮፕላኑ ወደዚያ ይዞርና ይገለበጣል። ይህ ሁሉ በሁለት መተንፈስ መካከል ያልቃል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ሞተር መቆሙን የሚያውቀው አውሮፕላኑ መዞር ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ እጁ በደመ ነፍስ ጉልበት ይጨምራል። ጅራፍ ጨመረ ማለት ነው።

ገበሬው ምን ያደርጋል? የሚጎትተውንም በሬ ያቆመዋል። እናንተም እንደዚያው። አውሮፕላኑ ሳታዙት መዞር ከጀመረ መጀመሪያ ጉልበቱን ወደ ዜሮ አውርዱ። ወዲያው ይስተካከላል፤ አሁን ሞተር የሌለው ግን ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት አውሮፕላን አላችሁ። አፍንጫውን ትንሽ ደፋ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ጠብቁ፣ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ አሳርፉ። ዙሬ ልመለስ አትበሉ። ከፍታም ፍጥነትም ካላችሁ ቀስ ብላችሁ ጉልበት መጨመር ትችላላችሁ፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ክፍል፣ ረደሩ፣ እስከቻለው ድረስ ብቻ። ረደሩ እስከ መጨረሻው ሄዶ አፍንጫው አሁንም ከዞረ፣ ያ ገደባችሁ ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም ይህ ገደብ አላቸው፤ ከየትኛው ፍጥነት በታች ረደሩ እንደማይበቃ አብራሪዎቻቸው በቁጥር ያውቁታል።

«እና ሁለተኛው ሞተር ጥቅሙ ምንድን ነው?» ጉልበት ነው። መሃሉን ነጻ ማድረጉ ነው። ድምፁም አለ፤ ሁለቱ ሞተሮች ሲገጥሙ የሚያወጡት ያ ዜማ። ኢንሹራንስ ግን አይደለም። ይህን ቪዲዮ ለዚያ ጓደኛችሁ ላኩለት፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው በረራ ላይ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። ጎማ ግጠሙለት፤ በእጅ መወርወር ለዚህ አውሮፕላን አይመችም፣ እጅ የሚይዝበት ቦታ በሁለት ፕሮፔለር መካከል ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ብቻ አስኪዱት። ጉልበት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥማዱ ተስማምቷል። በአንድ ወገን ከሳበ ካሊብሬሽኑን ድገሙ፣ ፕሮፔለር ወደ ኋላ ዞሮ መግጠሙንም እዩ፤ ጽሑፉ ወደ ፊት መሆን አለበት።

አየር ላይ ኤለሮን ስትሰጡት ትንሽ ይዘገያል፣ ስታቆሙትም ትንሽ ይዘገያል። ክብደቱ ከመሃል ስለራቀ ነው እንጂ ሰርቮው አልደከመም። ስለዚህ መታጠፊያችሁን ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፣ ስታሳርፉም በጣም አታዘግዩት፤ ከዞረባችሁ ለመመለስ ቶሎ አይታዘዝም። ሁለቱን ሞተሮች በረደር ስቲክ ለየብቻ ማዘዝ፣ ሚክስ የምንለው፣ ሳምንት ይመጣል። የእናንተን መንታዎች ፎቶ እስከዚያ ላኩልኝ፣ መሃል ክንፉ በደንብ ይታይ።