የአሸዋ ድብልብል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ሰሞኑን አንድ የሕንድ አፈ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እንደውም ትንሽ አናዶኛል።

ጋያ የምትባል ከተማ አለች፣ ምሥራቅ ሕንድ ቢሃር ውስጥ። ፋልጉ ወንዝ ዳር ቪሽኑፓድ የተባለ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ቆሟል። የአሁኑን ሕንፃ በ1787 እ.ኤ.አ. ያሠራችው አሂልያባይ ሆልካር የምትባል ገዢ ናት። መሃሉ ላይ የሚሳለሙት ምስል አይደለም፤ ቋጥኝ ላይ የታተመ የእግር ዱካ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አምላካቸው ቪሽኑ ጋያሱራ የተባለውን ግዙፍ ፍጡር የረገጠበት ነው ይላሉ።

ሰው እዚህ የሚመጣው ለሞቱ ወላጆቹና አያቶቹ ነው። በተለይ በእኛ መስከረም አካባቢ፣ ፒትሩ ፓክሻ በሚሉት 16 ቀን፣ ከተማዋ ጢም ትላለች። የሚቀርበው ነገር ፒንዳ ይባላል። ሩዝ ወይም የገብስ ዱቄት ከሰሊጥ ጋር ይለወሳል፣ በመዳፍ ይድቦለቦላል፣ ለሟች ይሰጣል። ነፍሱ በዚህ ትጠግባለች፣ መንገዷም ይቃናል ብለው ያምናሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሂንዱዎች እንደ አምላክ የሚያዩት ልዑል ራማ፣ ሚስቱ ሲታና ወንድሙ ላክሽማን በስደት ላይ ሳሉ ጋያ ደረሱ። የራማ አባት ንጉሥ ዳሻራታ ልጁን ካባረረ በኋላ በሐዘን ሞቷል። ወንድማማቾቹ ለሥርዓቱ የሚሆን እህል ፍለጋ ሄዱ። ሲታ ወንዙ ዳር ብቻዋን ቀረች። ቆዩባት። ሰዓቱ ሊያልፍ ሆነ። በዚህ መሃል የሟቹ እጆች ብቅ አሉ። "ራበኝ፣ ፒንዳ ስጪኝ" አላት አማቷ። ምን ትስጠው? ሩዝ የላት፣ ሰሊጥ የላት። ጎንበስ አለችና እርጥብ አሸዋ ዘገነች፤ አድቦልቡላ እጁ ላይ አኖረችለት። እሱም ተቀበለ። ጠገበ።

ሲታ ብልህ ናት፤ እማኝ ቆጥራለች። ወንዙን፣ ላሟን፣ ቱልሲን (የበሶብላችን ዘመድ ነው)፣ አንድ ብራህማን ካህንን፣ አንድ ትልቅ ዋርካን። ራማ ሲመለስ ግን አላመናትም። አባቴ አሸዋ በላ? እማኞቹ ተጠየቁ። ከዋርካው በቀር ሁሉም ዓይናቸውን በጨው አጥበው ካዱ።

ያኔ የሲታ እርግማን ወረደ። የወንዙ ውሃ ከአሸዋ በታች ይቅር፤ ላሟ በፊቷ ሳይሆን በኋላዋ ትመለክ፤ ቱልሲ ጋያ ላይ አይብቀል፤ የጋያ ካህናት የቱንም ያህል ቢሰጣቸው አይጥገቡ። (የመጨረሻዋን ምእመናን በክፍያ ሲከራከሩ ሳያነሷት የሚቀሩ አይመስለኝም።) ዋርካው ግን ተመረቀ። አክሻያቫት ይሉታል፤ የጋያ ሥርዓት ዛሬም የሚጠናቀቀው እሱ ሥር ነው።

ፋልጉ በእርግጥም በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ሰው በእጁ ይጭርና ከሥር ያዠውን ውሃ ይጨልፋል። ይጨልፍ ነበር ልበል እንጂ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የቢሃር መንግሥት ቤተ መቅደሱ አጠገብ የጎማ ግድብ አስመርቋል፤ ዓመቱን ሙሉ ውሃ እንዳይጠፋ። የሲታን እርግማን መሐንዲስ ሻረው! ማዶ፣ ሲታ ኩንድ የሚባለው ቦታ ላይ ግን ፒንዳው አሁንም አሸዋ ነው።

እና ንዴቴ ምንድን ነው? ሁሉም የሚያወራው ስለ እርግማኑ ነው። እኔን የከነከነኝ ራማ ነው። ሰውዬው ሚስቱን ለምን አላመናትም? ደግ ሠርታ እንደ ተከሳሽ እማኝ አምጪ ተባለች። ኋላም ከጠለፋት የአጋንንት ንጉሥ ከራቫና እጅ ስትወጣ፣ ንጽሕናዋን እሳት ውስጥ ገብታ እንድታሳይ ሆናለች። አንዴም በቃሏ ብቻ አልታመነችም።

በአያቴ ተዝካር እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ድስት ሥር ስታድር አይቻለሁ። በነጋታው የዘመድ ወሬ "ጠላው ቀጥኗል" ነበር። ያንን ሁሉ ከየት አምጥታ እንዳብቃቃችው የጠየቃት የለም። አባቴም ትንፍሽ አላለ።

ራማ እኮ አምላክ ነው፣ ለአባት አሸዋ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባኛል። ጻፉልኝ፣ እንከራከር። እኔ ግን ከሲታና ከዋርካው ጋር ነኝ።