የመጨረሻው ቁጥር ይታተም

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች፣

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሳይቋረጡ የዘለቁት የሱፐርሂሮ ኮሚክ ዓለማት (ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች የሚኖሩባቸው የሥዕል ታሪኮች)፣ የአሜሪካኖቹ አሳታሚዎች የዲሲም ይሁን የማርቭል፣ አንድ ቀን ፍጻሜ ሊበጅላቸው ይገባል ወይስ አይገባም? መልሴን ሳላቆይ ልናገር፤ ይገባል። ይህን የምለው ሰልችተውኝ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነባቸው የኖርኩ፣ አሁንም አዲስ ቁጥር፣ ማለትም አዲስ እትም፣ ሲወጣ ልቤ የሚደነግጥ ሰው ነኝና፣ ክፉ ተመኝቶላቸው ነው ሳትሉ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከአንድ ቀለበት ልጀምር። በ1985 ዲሲ 12 ቁጥሮች ያሉት አንድ ታላቅ ታሪክ ማሳተም ጀመረ። ጸሐፊው ማርቭ ዎልፍማን፣ ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ነበሩ፤ ዓላማውም በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉትን ብዙ ዓለማት አፍርሶ ከፍርስራሹ አንድ ዓለም ማቆም ነበር። በ8ኛው ቁጥር ላይ በፍጥነቱ የሚታወቀው ፍላሽ፣ ማለትም ባሪ አለን፣ ዓለምን ለማጥፋት የተደገነውን መሣሪያ ለመስበር መሮጥ ይጀምራል። ከጓደኞቹ አንዳቸውም አጠገቡ የሉም። በሮጠ ቁጥር ሰውነቱ ይመነምናል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ እሱ ግን አይቆምም። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቀዩ ልብሱና ቀለበቱ ነው፤ ልብሱ ውስጥ ሰው የለም። ፔሬዝ ያንን ባዶ ልብስ የሣለበትን ገጽ ያየ አንባቢ ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ገጽ የሚያልፍ አይመስለኝም።

በዚያው ታሪክ መደምደሚያ ላይ የባሪ ሚስት የወንድም ልጅ የሆነው ወጣቱ ዋሊ ዌስት ልብሱን ለበሰ፣ ስሙንም ወረሰ። እኔ ከባሪ በፊት ያወቅሁት ይህንን ዋሊን ነው። ግልፍተኛ፣ ችኩል፣ አንዳንዴም ራስ ወዳድ የነበረ ልጅ፣ ከዓመት ዓመት እየበሰለ፣ ሊንዳ የምትባል ጋዜጠኛ አግብቶ የልጆች አባት እስኪሆን ድረስ በእያንዳንዱ ወር ተከታትየዋለሁ። በ1993 ማርክ ዌይድ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ባሪ ነኝ የሚል ሰው ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉ በላይ የሚደሰተው ዋሊ ነው፤ ሰውዬው ግን የባሪን መልክ ይዞ የመጣ የድሮ ጠላት ሆኖ ይገኛል። ዋሊ እስከዚያች ቀን ድረስ የባሪን ያህል መሮጥ ያቃተው አቅም አንሶት እንዳልነበረ የሚገባው ያኔ ነው። እኩል ከሮጠ የሚወደውን ሰው ቦታ በእርግጥ ይወስድበታል፤ የፈራው ይህንን ነበር። ፍርሃቱን ለራሱ ባመነባት ቅጽበት እግሩ ይፈታል።

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የቻለው ባሪ በእውነት ሞቶ ስለነበር ነው። ማንም ሰው የሟችን ቦታ የመውረስ ጭንቀት የሚይዘው ሟቹ እንደማይመለስ ሲያውቅ ነውና።

በ2008 ባሪ ተመለሰ። በ2011 ደግሞ ዲሲ መጽሔቶቹን ሁሉ እንደ አዲስ ከቁጥር 1 ሲጀምር፣ ያ ዋሊ ከነትዳሩና ከነልጆቹ ከታሪኩ ወጣ፤ አልሞተም፣ አልተሰናበተም፣ ጭራሽ ያልነበረ ሆነ። በ2016 መልሰው ሲያመጡት ያሳዩን ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ከጊዜ ውጪ ታስሮ የቀረው ዋሊ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ እንዲያስታውሱት ይማጸናል። ሊንዳ ፊት ይቆማል፤ አታውቀውም። ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ባሪ ዘንድ ይደርሳል፤ ባሪ ያስታውሰዋል፣ እጁን ይዞም ይጎትተዋል። ያንን ገጽ ሳነብ አልቅሻለሁ። ለ20 ዓመታት አብሬው የኖርኩ ሰው ለመኖሩ ምስክር ሲለምን ማየት ቀላል አልነበረም። የባሪ መመለስ የሻረው የባሪን ሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ባልኖረኝ፤ በጊዜ ሂደት የተሻረው ግን የዋሊ ኑሮ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ለአንባቢ ሲያቀርቡ ስለ ፍጻሜ የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። የያንዳንዱ ወር ታሪክ እዚያው ይጀምር፣ እዚያው ያልቅ ነበርና በሚቀጥለው ወር ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ጣሊያናዊው ምሁር ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን ሲጽፍ የተመለከተው ይህንኑ ነው፤ ጀግናው አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ወደ ሞቱ አንድ እርምጃ እንዳይጠጋ ታሪኩ ጊዜን እንደ ሕልም ማደብዘዝ ነበረበት። ትዝታ በሌለበት ዓለም ይህ ምንም ችግር የለውም።

ነገር ግን ኤኮ ይህን በጻፈበት ጊዜ ማርቭል ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። ስታን ሊ፣ ጃክ ከርቢና ስቲቭ ዲትኮ ከ1961 ጀምሮ የፈጠሯቸው ሰዎች ያለፈውን ወር የሚያስታውሱ ናቸው። ሸረሪት ሰው የሆነው ፒተር ፓርከር በ1962 የትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ ጀመረ፤ በ1965 ትምህርት ቤቱን ጨረሰ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከእሱ እኩል የሆኑ አንባቢዎች አብረውት አደጉ። በ1973 ፍቅረኛው ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ስትወረወር ፒተር ድሩን ወርውሮ እግሯን ይይዛታል፤ ታድጌአታለሁ ብሎም ይደሰታል። በሥዕሉ ላይ አንገቷ አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ የመሰበር ድምፅ ተጽፋለች፤ በዚያ ትልቅ ሥዕል ውስጥ ዓይን ካልተጠነቀቀ የሚያልፋት ቃል ናት። የገደላት ውድቀቱ ይሁን ወይስ የገዛ ወዳጇ ድር የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አላባራም። ያ ክርክር ለ50 ዓመታት የቆየው ሞቷ ለአሥርት ዓመታት ሳይሻር በመቆየቱ ይመስለኛል።

እንግዲህ በእኔ እምነት ጥፋቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አሳታሚዎቹ ትዝታን ወሰዱ፣ ጊዜን ግን አልተቀበሉም። አንባቢው ሁሉንም ነገር እንዲያስታውስ ይፈለጋል፤ ጀግናው እንዲያረጅ ግን አይፈለግም። ፒተር በ1987 አገባ፤ ትዳር ያስረጀዋል ተብሎ በ2007 ከአንድ ጋኔን ጋር በተደረገ ውል ትዳሩ እንዳልነበረ ተደረገ። አይረን ማን የሚባለው ጀግና ቶኒ ስታርክ በ1963 የቆሰለው ቬትናም ውስጥ ነበር፤ ጀግናው ወጣት እንደሆነ ይቆይ ዘንድ ያ ጦርነት ቆይቶ በአፍጋኒስታን ተተካ። ይህ ለብዙዎች ትንሽ ማስተካከያ ነው፤ ለእኔ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች ያለቁበት ጦርነት እንደ መድረክ መጋረጃ ወርዶ ሌላ ሲሰቀል፣ ስለዚያ ጦርነት በታሪኩ ውስጥ የተነገረው ሁሉ ለየትኛውም ጦርነት የሚሆን ተራ ነገር ይሆናል።

ሞትማ ከዚህ የባሰ ነው የሆነው። በ1992 ሱፐርማን ሲሞት መጽሔቱ በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅም አብሮት ተሸጠ። በ1993 ተመለሰ፤ ከላችንን ሳናወልቅ ማለት ነው። ካፒቴን አሜሪካ በ2007 ተገደለ፤ ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2009፣ የመመለሻው ታሪክ መታተም ጀመረ። ዛሬ አንድ ጀግና ሲሞት ልምድ ያለው አንባቢ የሚጠይቀው መቼ እንደሚመለስ ነው። ይህን አንባቢ ደንዝዟል ብዬ አልወቅሰውም፤ የተማረውን ነው የሚደግመው።

በዚህ ሐሳቤ የማይስማሙ ወዳጆች አሉኝ፤ ከክርክራቸው አንዱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ የዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ የራሱ ሸረሪት ሰው አይገባውምን? እኛ ስለጠገብን ገበታው ይነሳን? ይላሉ። ልጁ ይገባዋል። ሆኖም ያ ልጅ ዛሬ አንድ ቁጥር አንሥቶ ሲገልጥ የሚያገኘው የራሱን ሸረሪት ሰው ሳይሆን፣ ከመወለዱ በፊት የተደረጉ፣ የተሻሩ፣ ዳግም የተሻሩ ውሎችን ክምር ነው። ያለቀ ታሪክ ግን ለአዲስ አንባቢ በር አይዘጋም። ኢንቪንሲብል የተባለው የሱፐርሂሮ ኮሚክ በ2003 ተጀምሮ በ2018 በ144ኛው ቁጥር አለቀ፤ አሁን የሚጀምረው ሰው ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በሚያውቅ ታሪክ ውስጥ ይጓዛል። ጄምስ ሮቢንሰን በዲሲ ዓለም ውስጥ የጻፈው ስታርማንም ከ1994 እስከ 2001 ቆይቶ፣ ጀግናው ጃክ ናይት በትሩን ለአንዲት ወጣት አስረክቦ ከተማውን ለቅቆ በመሄዱ ተፈጸመ። ስለ ሠዓሊዎቹና ጸሐፊዎቹ እንጀራ የሚነሣውም ጥያቄ መልስ አለው፤ አንድ ዓለም ሲያልቅ ሌላ ዓለም ይጀመራል፤ ሥራው አይቆምም።

ይህ እንደሚቻል ዲሲ ራሱ አንድ ጊዜ አሳይቶናል። በ1986 ሱፐርማን እንደ አዲስ ሊጀመር ሲል፣ የቀድሞው ሱፐርማን የስንብት ታሪክ እንዲጻፍለት ተደረገ። አለን ሙር ጻፈው፤ ያንን ጀግና ለረጅም ዓመታት ሲሥለው የኖረው ከርት ስዋን ሣለው። በሁለት ቁጥሮች ውስጥ ጠላቶቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፣ ወዳጆቹ ይወድቃሉ፣ እሱም ኃይሉን ትቶ ይሰወራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከፍቅረኛው ከሎይስ ጋር በተራ ሰው ስም የሚኖር አንድ ባል እናያለን፤ ሕፃን ልጃቸው ከሰል ሲጨብጥ ከሰሉ አልማዝ ይሆናል። ሰውዬው ወደ እኛ ዞሮ ጠቀስ ያደርገንና በሩን ይዘጋል። ብዙም ሳይቆይ ጆን በርን ሱፐርማንን ከሀ ብሎ ጀመረው። የቀድሞው አንባቢ የተዘጋ በር አገኘ፣ አዲሱም የተከፈተ አገኘ፤ ሁለቱም አልተከፉም። ያ አሠራር ለምን ደንብ ሆኖ እንዳልቀረ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አሳታሚዎቹ ዓለማቸው የሚፈጸምበትን ዓመት አስቀድመው ይንገሩን፤ ለጸሐፊዎቹ የያዙትን ክር ሁሉ የሚቋጩበት ሁለትና ሦስት ዓመት ይስጧቸው፤ የመጨረሻው ቁጥር ሽፋን ላይም የመጨረሻው መሆኑን ይጻፉበት። ከዚያ በኋላ ሌላ ባትማን፣ ሌላ ሸረሪት ሰው፣ ሌላ ፍላሽ ይጀመር፤ በደስታ ገዝቼ አነባለሁ። ወደ ተዘጋው ዓለም ግን ሰው ለማውጣትም ሆነ ለማስገባት ማንም አይመለስ። የፍጻሜው ዋጋ በዚህ ቃል መጠበቅ ላይ ነው ያለው፤ የ1985ቱም ፍጻሜ የከሸፈው ዓለማቱን ማፍረሱ ስላልተሳካ ሳይሆን፣ የፈረሰው ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ስለተገነባ ነው።

ይህን ማድረግ የሚችለው የመብቱ ባለቤት ብቻ ነው። ሲገልና ሹስተር ሱፐርማንን በ130 ዶላር ስለሸጡት የሚጀምሩት እንጂ የሚጨርሱት ጀግና አልነበራቸውም፤ ስማቸው ተመልሶ የጡረታ አበል የተቆረጠላቸውም በ1975 ነው። ባለቤቱ የያዘው ሥልጣንም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በ1938 የታተመው የመጀመሪያው ሱፐርማን የቅጂ መብት በ2033 መጨረሻ ያበቃል፤ ባትማን በዓመቱ ይከተለዋል። በኋላ የተጨመሩት ነገሮችና የንግድ ምልክቶቹ በጥበቃ ሥር ቢቆዩም፣ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ሰው በዚያ የመጀመሪያ መልኩ ሱፐርማንን መጻፍ፣ ማጋባት፣ መቅበርም ይችላል። ያን ጊዜ የሚጻፍ ፍጻሜ ከብዙ ፍጻሜዎች አንዱ ይሆናል። ለዘጠና ዓመታት ገደማ በአንድ እጅ ሲጻፍ ስለኖረው ታሪክ «እነሆ አለቀ» ብሎ የሚታመን ቃል መናገር የሚችል ባለቤት ያለው አሁን፣ በቀሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

እኔም ያ የመጨረሻ ቁጥር በታተመ ቀን ባሪ በሰላም አርፎ እንደሆነ፣ ዋሊና ሊንዳ ልጆቻቸውን የት እንዳሳደጉ፣ ፒተርም ስንት ዓመት እንደኖረ በቁርጥ ተጽፎ ላነበው እፈልጋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።